የኮምፒዩተር ዘበኛና ቀለብ ሰፋሪው

መግቢያ

የመመረቂያ ጽሑፉን ለመጻፍ ላፕቶፑን የከፈተ ተማሪ ከሥራው አስቀድሞ የሚገጥመው አንድ እንግዳ አለ። ይኸውም ከመስኮቱ ጥግ ብቅ እያለ «የጥበቃ ዘመንዎ ሊያልቅ ነው፤ አሁኑኑ ያድሱ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይተካል፤ ዲስኩ ያጉረመርማል፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት ድረስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ተማሪው ይህን ሁሉ የሚያደርስበት ቫይረስ መስሎት ሲመረምር፣ ጥፋተኛው ከቫይረስ እንዲጠብቀው የተጫነው ፕሮግራም ሆኖ ያገኘዋል። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ ይታየዋል። ወይ ተናዶ ጥበቃውን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ወይም ከጓደኛው ፍላሽ ላይ «ክራክ» የተደረገ ሌላ ጸረ ቫይረስ ወስዶ ይጭናል። ሁለቱም ያለ ዕውቀት ከተያዙ የአራት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ሊያሳጡ የሚችሉ መንገዶች ናቸው።

ስለዚህ ነገሩን በንዴት ከመተው ይልቅ በጥናት መመልከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የኮምፒዩተር ዘበኛ እንዴት እንደሚሠራ፣ ቀጥሎም ለገበያ የሚቀርበው ለምን እየከበደ እንደ ሄደ፣ በመጨረሻም «ነጻ» የሚባለው ዘበኛ በእውነት ነጻ መሆን አለመሆኑን እናያለን። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ። ስለ ጸረ ቫይረስ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ መኖሩን ለማስረዳት እንሞክራለን፤ እርሱም «ለዚህ ዘበኛ ቀለብ የሚሰፍርለት ማነው?» የሚለው ነው።

ሀ. ዘበኛው እንዴት ይሠራል?

የኮምፒዩተር ቫይረስ ማለት ራሱን እያባዛ ከፋይል ወደ ፋይል፣ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሸጋገር ፕሮግራም ነው። ታሪኩ ከገበያው ይቀድማል። በ1971 በአሜሪካ ቦብ ቶማስ የተባለ መሐንዲስ ክሪፐር የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ የዛሬው ኢንተርኔት አባት በሆነው በአርፓኔት ላይ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እንዲዘዋወር አደረገ። እርሱን የሚያሳድድና የሚያጠፋ ሪፐር የተባለ ሌላ ፕሮግራም ወዲያው ተሠራ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዘበኛ የተሠራው ለሽያጭ አልነበረም ማለት ነው። በ1986 በፓኪስታን በላሆር ከተማ የኮምፒዩተር ሱቅ የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች ብሬን የተባለውን ቫይረስ በዲስኬት ለቀቁ፤ ስማቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በውስጡ ጽፈውበት ነበር። በኖቬምበር 2 ቀን 1988 ደግሞ ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የለቀቀው ትል በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን አሽመደመደ።

ዘበኛው ሌባውን የሚያውቅበት መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የጣት አሻራ ነው፤ ቀድሞ የተያዘውን ቫይረስ ምልክት በመዝገብ ይዞ እያንዳንዱን ፋይል ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። መዝገቡ በየቀኑ ካልታደሰ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ግምት ነው፤ ፋይሉ በመዝገብ ባይገኝም አሠራሩ የሌባ ጠባይ ካለው ይጠረጥረዋል። ሦስተኛው ክትትል ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ይመለከታል። ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በደቂቃ ውስጥ መቶ ሰነዶችን በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ ቢጀምር፣ ስሙ ማንም ይሁን ማን ሊያስቆመው ይገባል።

ይህን ለማድረግ ዘበኛው በፕሮግራሞችና በዲስኩ መካከል እንደ ኬላ ጠባቂ ይቆማል። የሚከፈተው ፋይል ሁሉ ቆሞ ይፈተሻል፤ ከዚያ በኋላ ያልፋል። ክብደቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሲነሣ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ኬላው ላይ ይቆማል። ሜሞሪው አነስተኛ፣ ዲስኩም የሚሽከረከር አሮጌ ዓይነት በሆነ ላፕቶፕ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ሁለት ጸረ ቫይረስ በአንድነት መጫን ጥበቃን የማያጠነክረውም ስለዚህ ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት ኬላዎች አንዱ የሌላውን ፍተሻ እየፈተሸ መንገዱን ይዘጋሉ። ስለሆነም የተወሰነ ክብደት የማይቀር የጥበቃ ዋጋ ነው። ጥያቄው ከዚህ የተረፈው ክብደት ከየት መጣ የሚለው ነው።

ለ. ፍጹም ዘበኛ ለምን አይገኝም?

ብዙ ማስታወቂያ «ሙሉ ጥበቃ» ይላል። ይህ ቃል ከሒሳብ ጋር እንደማይስማማ ከማስታወቂያው በፊት ተረጋግጧል። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፍሬድ ኮኸን በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ ማናቸውንም ቫይረስ ሳይሳሳት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል አስረዳ። ማስረጃው አጭር ስለሆነ እዚህ ላይ ማቅረቡ ይጠቅማል።

አንድ ፍጹም ፈታሽ አለ እንበል። ለማንኛውም ፕሮግራም «ቫይረስ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ከቶ ሳይሳሳት ይፈርዳል። እንግዲህ አንድ ተንኮለኛ የሚከተለውን ፕሮግራም ይጽፋል፤ ፕሮግራሙ በውስጡ ያንኑ ፈታሽ ይዞ ስለ ራሱ ይጠይቀዋል። ፈታሹ «ቫይረስ ነህ» ካለው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ «አይደለህም» ካለው ይባዛል። አሁን ፈታሹ ምን ይፈርዳል? «ቫይረስ ነው» ቢል ፕሮግራሙ ምንም ስለማያደርግ ፍርዱ ሐሰት ይሆናል። «አይደለም» ቢልም ፕሮግራሙ ስለሚባዛ ፍርዱ እንደገና ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ፍጹም ፈታሽ አለ ያልነው መነሻ ራሱን አፈረሰ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንም ዘበኛ፣ የሚከፈልበትም ያልተከፈለበትም፣ አንዳንዴ ሌባውን ያሳልፋል፤ አንዳንዴም ንጹሑን ያስራል። ሁለተኛ፣ ሌባው ዘበኛውን ገዝቶ ቤቱ ሊያጠናው ይችላል። ሥራውን ከመልቀቁ በፊት በታወቁት ጸረ ቫይረሶች ሁሉ ላይ እየሞከረ፣ ሁሉም ዝም እስኪሉ ድረስ ያስተካክለዋል። በተለይ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ድርጅት ተብሎ የተሠራ መሰለያ በማናቸውም መዝገብ ላይ አይገኝም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ጥናት፣ ሐኪንግ ቲም የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ መሰለያ በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ተሞክሮ እንደ ነበረ ገልጿል። መሰለያው የተላከው ሰነድ መስሎ በስካይፕ ነበር። ሌባው ያንኳኳው የሰውን እምነት እንጂ የኮምፒዩተሩን በር ብቻ አልነበረም።

ሐ. የገበያው ዘበኛ ለምን ወፈረ?

ጆን ማካፊ ኩባንያውን በ1987 ሲያቋቁም ፕሮግራሙን ለግለሰቦች በነጻ እየለቀቀ ድርጅቶችን ያስከፍል ነበር። ኖርተን ጸረ ቫይረስ በ1991 ወጣ። በማግስቱ ዓመት የተከሰተው ነገር ግን ገበያው ከምን እንደሚበላ አሳየ። ማይክል አንጄሎ የተባለ ቫይረስ ማርች 6 ቀን 1992 ይነቃል፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮችን ያጠፋል ተብሎ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተነገረ። ሰው ተሸብሮ ጸረ ቫይረስ ገዛ። ቀኑ ሲደርስ የተዘገበው ጉዳት ከተነገረው ጋር የማይመጣጠን፣ በሺዎች ብቻ የሚቆጠር ሆነ። ቫይረሱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ፍርሃት ራሱ ሸቀጥ ሊሆን እንደሚችል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታወቀ።

የሽያጩም ሥርዐት ነገሩን አባሰው። ወንበር የሚሸጥ አናጢ ከሸጠ በኋላ ከገዢው ጋር ይለያያል። ጸረ ቫይረስ የሚሸጥ ኩባንያ ግን በየዓመቱ እድሳት ያስፈልገዋል። አሁን ዘበኛው አንድ ችግር ገጠመው፤ ጥሩ ዘበኛ ዝም ብሎ የሚሠራ ነው፣ ዝም ብሎ የሚሠራ ደግሞ ይረሳል፣ የተረሳ አይታደስም። ስለዚህ «ዛሬ ይህን ያህል አደጋ አስወገድኩልህ» እያለ በየሰዓቱ መታየት ነበረበት። እድሳቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ገዢው በግልጽ ሳያውቀው ይፈጸም ነበር። በጁን 2009 የኒውዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በዚሁ ራስ በራስ በሚታደስ ውል ምክንያት ሲማንቴክና ማካፊ እያንዳንዳቸው 375,000 ዶላር ቅጣት እንዲከፍሉ ያደረገው ስለዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2009 ነው። ማይክሮሶፍት በዚያን ዕለት ያለ ዋጋ የሚገኝ ጸረ ቫይረስ አወጣ፤ በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 ደግሞ ጸረ ቫይረሱን በውስጡ ይዞ መጣ። እስከዚያ ድረስ ሲሸጥ የኖረው ዕቃ በየቤቱ በነጻ ገባ ማለት ነው። ዘበኝነት ብቻውን ካልተሸጠ ሻጩ ሌላ ነገር መጨመር አለበት። ተጨመረም፤ የይለፍ ቃል መያዣ፣ ዲስክ ማጽጃ፣ ቪፒኤን፣ የራሱ ኢንተርኔት ማሰሻ፣ የዕቃ ዋጋ ማወዳደሪያ ሁሉ በአንድ ጆንያ ታጨቀ። ዘበኛው ሽንኩርት ሻጭም፣ ጫማ አሳማሪም፣ ደላላም ሆነ። በ2021 ኖርተን በጸረ ቫይረሱ ጥቅል ውስጥ ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረቻ እስከ መጨመር ደረሰ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ ኮምፒዩተሩ ኢተሪየም ያመርት ነበር፣ ኩባንያውም ከምርቱ 15 ከመቶ ይወስድ ነበር። ከመጀመሪያው የጥበቃ ሥራ ምን ያህል እንደ ተራቀ ለማየት ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ አብሮ የሚመጣው የሙከራ ጸረ ቫይረስም ከዚሁ ሥርዐት የተገኘ ነው። ላፕቶፕ ሠሪው ፕሮግራሙን አስቀድሞ የሚጭነው ከጸረ ቫይረሱ ኩባንያ ክፍያ ስለሚያገኝ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያበቃ የሚቀረው መዝገቡን የማያድስ፣ ቦታ ግን የማይለቅ ዘበኛ ነው። ሥሩ በሲስተሙ ውስጥ ስለሚሰድ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ራሳቸው ለማስወገጃ ብቻ የሚሆን ልዩ ፕሮግራም እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

መ. ቁልፉ ሁሉ በዘበኛው እጅ

ስለ ክብደት የምናማርረው ለፍጥነት ብለን ብቻ አይደለም። ዘበኛው ሥራውን ለመሥራት የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ይይዛል፤ ከተራ ፕሮግራም የበለጠ ሥልጣን ይሰጠዋል። የተጨመረለት ሥራ በበዛ ቁጥር የሚሳሳትበትም ቦታ ይበዛል፤ ስሕተቱም እንደ ሥልጣኑ ከባድ ይሆናል። ሦስት የታወቁ ምሳሌዎች እንመልከት።

አፕሪል 21 ቀን 2010 ማካፊ ለደንበኞቹ የላከው የመዝገብ እድሳት ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዋና ዋና ፋይሎች አንዱን ቫይረስ ነው ብሎ አሰረው። ድርጅቶች፣ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተሮቻቸው እየጠፉ እየበሩ መሥራት አቃታቸው። በጁን 2016 የጉግል ባለሙያ የሆነው ታቪስ ኦርማንዲ በሲማንቴክና በኖርተን ፕሮግራሞች ውስጥ ከባድ ቀዳዳዎች ማግኘቱን ገለጸ። የተጠቀለሉ ፋይሎችን የሚፈታው ክፍል ከፍተኛው ሥልጣን ባለበት በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ይሠራ ስለ ነበረ፣ ተንኮል ያለበት ፋይል በኢሜል መድረሱ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ባለቤቱ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ከሌሎች ሰዎች የተወሰዱ የፕሮግራም ክፍሎችም ለዓመታት ሳይታደሱ መቆየታቸው ታወቀ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ጣለ። እድሳቱ ከ80 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቢመለስም አውሮፕላን ማረፊያዎችና ሆስፒታሎች በብዙ አገሮች ተስተጓጎሉ። ይህ ዘበኛ በከፍተኛ ዋጋ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሸጥ ነበር።

ከእነዚህ የምንረዳው ዘበኛ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሁሉ ቤት ቁልፍ ያለው ሰው ሥራው ጥቂትና የታወቀ ቢሆን ይሻላል ማለት ነው።

ሠ. «ነጻ» የሚለው ቃል

ይህን ያነበበ ተማሪ «እንግዲያው ነጻውን ልጫን» ይል ይሆናል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአማርኛችን «በነጻ» ስንል ያለ ዋጋ ማለታችን ነው፤ «ነጻነት» ስንል ግን ለሌላ አለመገዛት ማለታችን ነው። ሁለቱ ከአንድ ሥር ቢወጡም አንድ አይደሉም። በኮምፒዩተር ዘበኞች ረገድ «ነጻ» የሚባሉትን በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው፣ ዋጋው ከሌላ ኪስ የሚከፈል ነው። አቫስት የተባለው የፕራግ ኩባንያ ሥራው የተጀመረው በ1988 ሲሆን፣ ለግል ተጠቃሚዎች ያለ ዋጋ በመስጠት በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ በአገራችንም ብዙ ተማሪ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በጃንዋሪ 2020 ጋዜጠኞች እንዳጋለጡት፣ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ተጠቃሚዎች በኢንተርኔት የጎበኙትን ሁሉ እየሰበሰበ ይሸጥ ነበር። ቅርንጫፉ በዚያው ወር ተዘጋ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በፌብሩዋሪ 2024 እንዳስታወቀው፣ መረጃው ከ2014 እስከ 2020 ከመቶ ለሚበልጡ ገዢዎች ተሸጧል፤ ኩባንያውም 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና እንዲህ ያለውን መረጃ ለማስታወቂያ ሥራ እንዳይሸጥ ተደረገ። ሰዎች ከሰላይ እንዲጠብቃቸው ያስገቡት ዘበኛ ራሱ ማስታወሻ ይዞ ነበር። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በነጻውና በሚከፈልበት መካከል ያለው አጥርም እንደሚመስለን ከፍ ያለ አይደለም። አቫስት በ2016 ተፎካካሪውን ኤቪጂን ገዛ። የኖርተን ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ2021 አቪራን፣ በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ አቫስትን ጠቅልሎ ያዘና ስሙን ጄን ዲጂታል አለ። ስለዚህ ኖርተንን በገንዘብ የሚገዛውና አቫስትን፣ ኤቪጂን ወይም አቪራን በነጻ የሚያወርደው ደንበኛ ወደ አንድ ቤት የሚገቡት በልዩ ልዩ በር ነው።

ሁለተኛው፣ ከቤቱ ጋር የሚመጣ ዘበኛ ነው። የዊንዶውስ ዲፌንደር ዋጋ በዊንዶውስ ዋጋ ውስጥ ተካትቷል። ማይክሮሶፍት ሲስተሙ እንዳይታማበት ስለሚፈልግ ዘበኛውን በደንብ ማቆየት ጥቅሙ ነው፤ የእድሳት ገንዘብ ስለማይጠይቅበትም በየሰዓቱ የሚያስጮኸው ምክንያት የለውም። ሌላ ጸረ ቫይረስ ሲጫን ራሱን ያገልላል፤ ሲወገድ ይመለሳል። ግን እርሱም የሚጠራጠራቸውን ፋይሎች ናሙና ወደ ኩባንያው የሚልክበት ቅንብር ስላለው፣ ምስጢራዊ ሰነድ የያዘ ሰው ቅንብሩን ማየት አለበት።

ሦስተኛው፣ በእውነት ነጻነት ያለው ነው። የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ምንጩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊያጠናው፣ ሊያሻሽለውና ለጓደኛው ሊያድለው ይችላል። ቶማሽ ኮይም የተባለ ፖላንዳዊ የጀመረው ክላምኤቪ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ዛሬ የሲስኮ ኩባንያ ይንከባከበዋል፤ ፈቃዱ ግን እንደ ቀድሞው ክፍት ነው። እዚህም ላይ ሐቁን መናገር ይገባል። ክላምኤቪ የሚታወቀው በይበልጥ በኢሜል ሰርቨሮች ላይ ደብዳቤ በመፈተሽ ነው፤ በተማሪ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ለዘወትር ጥበቃ ዲፌንደርን የሚተካ አይደለም። ነጻነት መልካም ነገር ቢሆንም ለየትኛው ሥራ እንደ ተሠራ ሳያዩ መምረጥ ግን አያዋጣም።

ረ. ለሚከፈልበት የሚቆሙ ሰዎች ክርክር

ፍርድ ከመስጠት በፊት የሌላውን ወገን መስማት ተገቢ ነው። የሚከፈልበትን የሚደግፉ ሰዎች ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ «ባለሙያ እንጀራ መብላት አለበት» ይላሉ፤ ይህ እውነት ነው። ከላይ እንዳየነው ገንዘብ ያልተከፈለው ሠራተኛ ሌላ ቀለብ ሊፈልግ ይችላል። ሁለተኛ፣ «ብዙ መቶ ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠርበትና ችግር ሲመጣ ስልክ የሚደውልበት ሰው ያስፈልገዋል» ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ሦስተኛ፣ «የሚከፈልበት ይበልጥ ይይዛል» ይላሉ። ይህኛው መመዘን አለበት። በጀርመን በማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ ቴስት እያንዳንዱን ጸረ ቫይረስ በጥበቃ፣ በቅልጥፍናና በአጠቃቀም ለእያንዳንዱ እስከ 6 ነጥብ በመስጠት ከ18 ይመዝናል። ቀድሞ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኝ የነበረው የማይክሮሶፍት ዘበኛ ከጊዜ በኋላ በተደጋጋሚ 18 ከ18 አግኝቷል። በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስም እንዲህ ያለ ፈተና ያካሂዳል። ውጤቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ተማሪው ማስታወቂያውን ከመስማት የእነዚህን ሰንጠረዥ ቢያይ ይሻለዋል።

አንድ ላፕቶፕ ላለው ተማሪ እንግዲህ የሚከፈልበት ጥቅል የሚጨምርለት ጥበቃ ከሚጨምርበት ክብደትና ወጪ ጋር የሚመጣጠን አይደለም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ክራክ» የተደረገው ጸረ ቫይረስ ነው። በውጭ ምንዛሪ በኢንተርኔት መክፈል ለተማሪ ቀላል ስላልሆነ ብዙዎች ወደዚህ ይሄዳሉ። ክራኩን ለመጫን የሚሰጠው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ «መጀመሪያ ጥበቃህን አጥፋ» የሚል ነው። የማናውቀው ሰው የቀየረውን ፕሮግራም፣ ዘበኛውን አስተኝተን፣ ከፍተኛውን ሥልጣን ሰጥተን ማስገባት ሌባውን ዘበኛ አድርጎ ከመቅጠር አይለይም።

ሰ. ተማሪው ምን ያድርግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ከዘበኛው ምርጫ ይልቅ የሚከተሉት ልማዶች የበለጠ ይጠብቃሉ።

1ኛ. ሲስተሙን ማደስ። ሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ቆላፊ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ሲመታ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው የዊንዶውስ እድሳት ከማርች 14 ጀምሮ ያለ ዋጋ ወጥቶ ነበር። ያደሱት ዳኑ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ይህን የያዘ ተማሪ ላፕቶፑ ከቻለ ወደ ዊንዶውስ 11 ማለፍ፣ ካልቻለም እንደ ሊነክስ ሚንት ያለውን ነጻ ሲስተም መመርመር ይገባዋል።

2ኛ. ጽሑፍን በሦስት ቅጂ ማኖር። አንዱ በላፕቶፑ፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ከላፕቶፑ ጋር በማይሰካ ፍላሽ ወይም ዲስክ፣ ሦስተኛው ከመኝታ ክፍሉ ውጭ፣ ለምሳሌ በኢሜል ሳጥን ውስጥ ይሁን። ቆላፊ ፕሮግራም የተሰካውን ፍላሽ ጭምር ይቆልፋልና ቅጂው ተነቅሎ መቀመጥ አለበት።

3ኛ. የፍላሽን ተንኮል ማወቅ። በብዙ የኮምፒዩተር ክፍሎች የሚዞረው ትል የተማሪውን ፋይሎች ደብቆ በስማቸው «ሾርትከት» ያስቀምጣል። ተማሪው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ እውነተኛው ጥፋት የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። ሾርትከቱን አለመንካት፣ ፍላሹን በዲፌንደር ማስፈተሽ፣ ከዚያም በፋይል ማሳያው ቅንብር የተደበቁ ፋይሎችና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

4ኛ. አንድ ዘበኛ ብቻ መያዝ፤ የሙከራ ጊዜው ያለፈበትን በኩባንያው ማስወገጃ ጨርሶ ማውጣት፤ ከዚያ በኋላ ዲፌንደር መመለሱን ማረጋገጥ። ከ2017 ጀምሮ በዊንዶውስ 10 የተጨመረና ያልተፈቀደለት ፕሮግራም የሰነድ ፎልደሮችን እንዳይለውጥ የሚከለክል ቅንብር አለ። ሲመጣ ተዘግቶ ስለሆነ ባለቤቱ መክፈት አለበት።

5ኛ. ለዕለት ሥራ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን የሌለው አካውንት መጠቀም። ሌባው ቢገባ እንኳ የሚያገኘው የእኛን ሥልጣን ያህል ብቻ ነው።

ከግለሰቡ የሚያልፍ ሥራም አለ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የመዝገብ እድሳት ለብቻው እንደ አንድ ፋይል ያለ ዋጋ ያቀርባል። ኢንተርኔት በሚያስቸግርበት ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው ከሚያወርድ፣ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ጊዜ አውርዶ በታወቀ ቦታ ቢያኖረው ሁሉም ሊቀዳው ይችላል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎችም በተራ እየተቀመጡ ፍላሽ የሚፈትሹበት ጠረጴዛ ቢኖር፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የሚሰማው የጠፋ ጽሑፍ ለቅሶ ብዙ በቀነሰ ነበር። እንዲህ ያለው ዘበኛ ቀለቡን የሚያገኘው ከእኛው፣ የሚጠብቀውም እኛኑ ይሆናል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የኮኸንን ማስረጃ በራስህ ወይም በራስሽ አነጋገር ለሌላ ፋኩልቲ ተማሪ አስረዳ፤ አስረጂ። ፈታሹ «አላውቅም» ብሎ መመለስ ቢፈቀድለት ማስረጃው ይፈርሳልን?

2. በላፕቶፕህ ወይም በላፕቶፕሽ ላይ ያለው ጸረ ቫይረስ ገቢው ከየት ነው? ከእድሳት፣ ከመረጃ ሽያጭ፣ ከሲስተሙ ዋጋ ወይስ ከሌላ?

3. ጸረ ቫይረስ ሠሪዎች ዘበኛቸው ንቁ መሆኑን ለመፈተን የተስማሙበት፣ 68 ፊደል ብቻ ያለውና ጉዳት የማያደርስ ኤካር የተባለ የሙከራ ፋይል አለ። ይህን ፋይል በኮምፒዩተር ክፍላችን መሣሪያዎች ላይ መሞከር ምን ያስረዳናል? ምንስ አያስረዳንም?

4. ዩኒቨርሲቲ ለጸረ ቫይረስ የሚያወጣውን ገንዘብ ለነጻ ፕሮግራም ሠራተኞች ደመወዝ ቢያውለው የሚገኘው ጥቅምና ጉዳት ምንድን ነው?